የውዴ ትንፋሽ

በ2001 ዓ.ም. የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ሠራተኛው ወደ አገሩ በተመለሰ ሰሞን፣ ሱዳን፣ መፋዛ ከተማ የኸሊል ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ እዚያው የሚኖሩት ኢትዮጵያዊው ሽማግሌ አያ አንዳርጋቸው መጡ። አሮጌ ጆንያ ፈልገው ነበር። የባለሱቁ ልጅ ሂያም፣ ገዳሪፍ ነርስነት የምትማረው፣ ለእረፍት መጥታ ሚዛኑ ጋ ተቀምጣለች።

«ጆንያውን ለምን ፈለጉት፣ ያ ዐሚ?» አለች፤ በዐረብኛ «አጎቴ» ማለቷ ነው።

«የጎጆዬን መስኮት ልደፍንበት፣ ልጄ። ሚስቴን ውዴን ነፋስ መትቷት ትንፋሽ አጥሯታል፤ ጢስ ባጤስላትም አልተሻላትም። ልትሞትብኝ ነው።»

«ሐኪም አላያቸውም?»

«አይቷታል። ሳንባዋም ልቧም ደህና ነው፣ ሐዘን ነው የያዛት አለኝ። ሐዘን በመርፌ ይወጣል እንዴ?»

ሐዘኑን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጃቸው ዓለምነው ፋሽጋ እርሻ ላይ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። አያ አንዳርጋቸው እንደ አገራቸው ልማድ መርዶውን ከሚስታቸው አቆዩት፤ አጨዳው ይለቅ ብለው። ሲያረዷቸው ግን አብሮ የሚያለቅስ ወገን ሁሉ ተበትኖ ነበር። እትዬ ውዴ እንባ ሳይወጣቸው ደርቀው ቀሩ።

ሂያም ጆንያውን አልሰጠቻቸውም።

«የምታስተምረን ህንዳዊት ሐኪም አለች። በአገሯ ዮጋ የሚሉትን አተነፋፈስ አሳይታናለች። ጠዋት ንጹሕ አየር ላይ ተቀምጦ በአፍንጫ በቀስታ መሳብ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማውጣት ነው።»

«የህንድ ጸሎት? ማተቤን ልታስበጥሺኝ ነው!»

«እኔስ ሶላቴን ተውኩ እንዴ? ወላሂ፣ ጸሎት የለበትም።»

«ስልሳ ዘመን ስተነፍስ ኖሬ፣» አሉ እየሳቁም እየተቆጡም፣ «የትናንት ልጅ መተንፈስ ልታስተምረኝ!»

«ሰሊጥ ሲያጭዱ ወገብዎ ሲቆረጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ቀና ብዬ እፎይ እላለሁ።»

«እትዬ ውዴ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እፎይ ብለዋል?»

ሽማግሌው ዘወር ብለው ወደ ጎጆአቸው አቅጣጫ አዩ።

«የፈራ ሰው በአጭር በአጭሩ ነው የሚተነፍሰው፤ ያ ደግሞ መልሶ ያስፈራዋል። እርስዎ ጢስና ጆንያ ይጨምሩበታል። ነፋሱ ምን አድርጎዎት ነው? ዛፍ የተነፈሰውን እኛ ስበን፣ የእኛን ዛፉ ወስዶ ነው የምንኖረው። እሳቸውን ከዚያ ለይተው ዘጉባቸው።»

«ብትሞትብኝስ?»

«ተዘግተው ይድናሉ ታዲያ?»

በማግስቱ ጠዋት፣ አያ አንዳርጋቸው እያመነቱም ቢሆን ፈቅደው፣ እትዬ ውዴን ራሃድ ወንዝ ዳር፣ ግራር ሥር አስቀመጥናቸው። ሂያም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አስደረገቻቸው። ሳቡ፤ አወጡ።

«እዚህ ላይ ይይዘኛል» አሉ ደረታቸውን እየነኩ።

«አይታገሉት። የቻለውን ያህል ይውጣ።»

ደግመው ረዘም አድርገው ሲያወጡ ትንፋሹ መሃል ላይ ተሰበረና «ዓለሜ!» ብለው ጮኹ። እንባቸው ወረደ።

አያ አንዳርጋቸው ደነገጡ። «ገደልሽብኝ!»

«ይተዉአቸው፣ ያ ዐሚ። ሐዘናቸው መውጫ አገኘ።»

ሽማግሌው ሚስታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደ እሳቸው አየር ሳቡ፤ ሲያወጡት ግን «የደበቅሁብሽ እኔ ነኝ» የሚል ለቅሶ ሆነ። አህያ ላይ የነበረ አንድ ሱዳናዊ ገበሬ ድምፁን ሰምቶ ወረደ። ማን እንደሞተ አልጠየቀም። እጆቹን ዘርግቶ ለሙት የሚቀራውን የቁርኣን ምዕራፍ፣ ፋቲሓን፣ ቀራላቸው። ውሃ ቀጂዎቹም እንስራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ለዓለምነው ለቅሶ የተቀመጡለት ያን ጠዋት ነው።

እንዲህ ያለው አተነፋፈስ ሐዘንን አያጠፋም። የተጨበጠ ደረት ያላላል፣ የደነገጠ ልብ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ከሃይማኖትም አያስወጣም። እትዬ ውዴ አሁን እህል ይቀምሳሉ፣ ይተኛሉም። አያ አንዳርጋቸውም መርዶ ሊያቆይ ያሰበ ሰው ሲያገኙ «ወገን ሳይበተን ንገር፤ አየር ላይ አስቀምጠህ ንገር» ይላሉ።

ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ትንፋሻቸውን በቀስታ ሲያወጡ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ።