ክዳኑ ያልተከፈተ ባልዲ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ምንትዋብና ታናሽ ወንድሟ ሱራፌል ከአባታቸው በወረሱት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በጨው ውሃ የዓሣ ገንዳቸው ፊት፣ አንድ የተከደነ ባልዲ መሃላቸው አድርገው ቆመዋል።)

ሱራፌል፦ አይገባም አልኩ፣ አይገባም! ይሄን ባልዲ ከዚህ አውጪልኝ ምንቴ።

ምንትዋብ፦ ቀስ በል፣ ዓሣዎቹን ታስደነግጣቸዋለህ። ሕያው ድንጋይ ነው እኮ፣ ከጅቡቲ ባሕር የወጣ። ስንት ዓመት "ሕያው ድንጋይ፣ ሕያው ድንጋይ" እያልክ ጆሮዬን የበላኸው አንተ አይደለህም?

ሱራፌል፦ ያኔ ያኔ ነው።

ምንትዋብ፦ "ውስጡ ነፍስ አለው፣ ውሃውን ራሱ ያጣራዋል፣ አንቺም ውሃ ስትቀጂና ስትደፊ ከመዋል ትገላገያለሽ" ያልከውስ?

ሱራፌል፦ ብዬ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። ቀዳዳው ውስጥ ትል አለ፣ ትል! ወጥቶ ሙሽሮቹን ቢበላቸውስ?

ምንትዋብ፦ ሙሽሮች ያልናቸውን ዓሣዎች? እነዚህን ሆዳሞች? እነሱ ናቸው ትሉን የሚጨርሱት።

ሱራፌል፦ ክብደቱስ? ገንዳው የቆመበት ጠረጴዛ አይችለውም።

ምንትዋብ፦ ያሠራኸው ቀን ላዩ ላይ ወጥተህ ጨፍረህበታል እኮ! ያን ቀን ቻለህ።

ሱራፌል፦ እሺ፣ ሽታውስ? ቤቱን በሙሉ አገማው! በር ላይ ነው የተቀበለኝ።

ምንትዋብ፦ ሸተተህ?

ሱራፌል፦ እንዴት አይሸተኝ! አንቺ አፍንጫ የለሽም?

ምንትዋብ፦ እንጃ፣ ለምጄው ይሆናል። በል እሺ፣ አንተ እንዳልከው ይሁን። ዛሬ ገንዳው ውስጥ አይገባም። ባልዲው ውስጥ በጨው ውሃ አንድ ወር ያህል ይቆይ፣ የሞተው ነገር ይራገፍለት። ሽታው ሲጠፋ እናስገባዋለን።

ሱራፌል፦ ወር? ወርማ አይሆንም!

ምንትዋብ፦ ለምን?

ሱራፌል፦ ማለቴ... ወር ሙሉ ባልዲ ሳሎን መሃል?

ምንትዋብ፦ ጓዳ አስገባዋለሁ።

ሱራፌል፦ ኤጭ! ተይው አልኩሽ እኮ። ድንጋይ ከገባበት በኋላ ገንዳው በቀላሉ አይነሳም።

ምንትዋብ፦ ወዴት ነው የሚነሳው?

ሱራፌል፦ እንዲያው ቢነሳ ብዬ ነው። ቤቱን ቀለም ልንቀባ እንችላለን።

ምንትዋብ፦ ቀለም። ባለፈው እሁድ ያመጣሃቸው እንግዶች ቀለም ቀቢዎች ነበሩ እንዴ?

ሱራፌል፦ ጓደኞቼ ናቸው አልኩሽ። ዓሣ ሊያዩ ነው የመጡት።

ምንትዋብ፦ አዎ፣ ዓሣ ሊያዩ። ሰውየው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ሲዞር፣ "ዓሣ ጣሪያ ላይ አለ እንዴ?" ብዬ እንኳ አልጠረጠርኩም። ጣፋጩን ሙሸበክ ገዛሁ፣ ማንጎ ጨመቅሁ። ሚስትየዋን እጇን ይዤ ከሙሽሮቹ ጋር አስተዋወቅኋት። በገዛ እጇ እንድታበላቸው ሁሉ ፈቀድኩላት!

ሱራፌል፦ ታዲያ እንግዳ ማስተናገድ ምን ክፋት አለው?

ምንትዋብ፦ ትናንት ብቻዋን ተመልሳ መጣች። የመጋረጃ ልክ ልትወስድ።

ሱራፌል፦ የ... የምን መጋረጃ?

ምንትዋብ፦ የዚህ መስኮት። ደግሞ ጨዋ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። "ገንዳውን ትወስጂዋለሽ ወይስ ከቤቱ ጋር ይቀራል?" አለችኝ። በአባቴ ቤት ቆሜ ይሄን ልጠየቅ፣ ሱራ!

ሱራፌል፦ ልነግርሽ ነበር።

ምንትዋብ፦ መቼ? ዕቃ የሚጭነው አይሱዙ በር ላይ ሲቆም?

ሱራፌል፦ አውቅሻለሁ፣ ገና ስጀምር እምቢ ትያለሽ። ሁሉን ጨርሼ ልነግርሽ አሰብኩ። አሁን ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ምንትዋብ፦ ብቻ! እኔንስ የት ልታደርገኝ ነበር?

ሱራፌል፦ ሳቢያን ሰፈር ደህና ክፍል አይቼልሻለሁ። ንጹሕ ናት፣ ውሃም አላት።

ምንትዋብ፦ ገንዳውስ?

ሱራፌል፦ ክፍሏ ትንሽ ጠበብ ትላለች።

ምንትዋብ፦ አየህ? ለዚህ ነው ድንጋዩ የከበደህ።

ሱራፌል፦ ምን ላድርግ? ቤቱ የኔም ነው። እኔም የራሴን ኑሮ ልጀምር እንጂ! እስከ መቼ ነው ሁለታችን ዓሣ እያየን የምናረጀው?

ምንትዋብ፦ ይሄን ብትለኝ ኖሮ! ፊት ለፊት ይሄንን ብቻ ብትለኝ፣ እያለቀስኩም ቢሆን እሰማህ ነበር። ያቃጠለኝ ቤቱን መሸጥ ማሰብህ አይደለም። ገዢዎቹን በገዛ እጄ አጉርሼ እንድሸኝ ማድረግህ ነው። እኔ ስስቅ፣ እኔ ስለፈልፍ፣ አንተ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር። እንዴት አስቻለህ?

ሱራፌል፦ ጥፋቴ ነው፣ እሺ። በቃ፣ ከአሁን በኋላ አንዲት ነገር አልደብቅሽም፣ በአባባ ሞት! ቁጭ ብለን እንነጋገር። መጀመሪያ ግን ይሄን ባልዲ ላውጣው፣ ሽታው ራሴን አዞረኝ።

ምንትዋብ፦ አሁንም?

ሱራፌል፦ ምን አሁንም? ይሸታላ!

ምንትዋብ፦ ክዳኑን ክፈተው።

ሱራፌል፦ ለምን?

ምንትዋብ፦ ክፈተው አልኩህ። ጎንበስ በልና አሽትተው።

ሱራፌል፦ ...ውሃ የለውም እንዴ? ይሄ እኮ ደረቅ ድንጋይ ነው።

ምንትዋብ፦ የደቻቱ ወንዝ ድንጋይ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአሸዋው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እውነቱ ከራስህ አፍ ይውጣ ብዬ ጠበቅኩህ። አንተ ግን ትል አፈላህበት፣ አገማኸው፣ አሁን ደግሞ በአባባ ሞት ምለህ "ሽታው ራሴን አዞረኝ" አልክ።

ሱራፌል፦ ምንቴ፣ ስሚኝ...

ምንትዋብ፦ ሰማሁህ እኮ። እውነተኛውን ድንጋይ ሹፌሩ ሙክታር ነገ ከጅቡቲ ይዞልኝ ይመጣል፣ ወሩን ጓዳ ቆይቶ ይገባል። አንተ ለሴትዮዋ ደውልላት፤ መጋረጃውን እንዳታሰፋው።