ዘፈን የማይቆርጠው ዲጄ

ዝናብ የማያገናኘው ሰው የለም። በሚያዝያ ወር ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጉዳይ ኖሮኝ ስመለስ ዶፍ ያዘኝና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ጎረቤቴ እትዬ ማናለብሽ ቀድመውኝ ቆመዋል። በሠፈራችን እሳቸው ከበሮ ይዘው ዘፈን ያላወጡበት ሠርግ ጥቂት ነው። የልጃቸው የሴና መልስ ለእሑድ ተቀጥሮ ሳለ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ምነው እትዬ፣ የድግስ ሰው እንዲህ ያኮርፋል?» አልኳቸው።

«ተዉኝ እባክዎ መምህር! ሴና ዲጄ ቀጥራለች። እሱ ካለ እኔ አልገኝም ብያታለሁ። በእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ዘፈን አውጥቼ ሳልጨርስ አንዱ ጎረምሳ ያንን ስፒከር ለቀቀብኝ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ እኔ ከበሮዬን ታቅፌ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የዘፈንኩ ሰው እንዲህ ልዋረድ?»

ደነገጥኩ። እናት ያልተገኘችበት መልስ ምኑን መልስ ሆነ?

እግዜር ሲያደርገው አንድ ወጣት ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ እየሮጠ ከመካከላችን ገባ። ኬብሮን ነው፤ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ። ለሴና መልስ የተቀጠረውም እሱ ራሱ መሆኑን አውቃለሁ። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ግን ይህ ምላሴ መቼ ያስችለዋል!

«እትዬ፣ ተከሳሹ መጣልዎ!» አልኩ።

ኬብሮን ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ነገሩ ሲነገረው ቅር አላለውም። «ያ ልጅ አጥፍቷል» አለ።

እትዬ ይህን አልጠበቁም። «አንተስ ያው አይደለህ? ቁልፍ መጫን ደግሞ ምኑ ሥራ ነው? እኔም ሊፍት ውስጥ እጫናለሁ!»

«መጫኑንማ ማንም ይችላል እትዬ። መቼ እንደማይጫን ማወቅ ነው ሙያው። እኔ ዘፈን ከመምረጤ በፊት የሰው እግር አያለሁ። ተቀምጦ እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው መነሻ ነው የቸገረው፤ የሚያውቀውን ዘፈን እሰጠዋለሁ። ሰው ሲደክመው አቀዘቅዛለሁ። እኔ ብቻ የምወደውን ቤቴ እሰማዋለሁ።»

«ይሁንልህ። ግን ኮምፒውተር ትንፋሽ የለው፣ ላብ የለው፤ ሙዚቃ ይሠራል ልትለኝ ነው?»

«ብቻውን አይሠራም። እስቲ ይስሙት» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተና የጆሮ ማዳመጫውን ሰጣቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አጠለቁ።

«ይሄ የወታደር ሰልፍ ነው» አሉ ጥቂት ሰምተው። ሌላ አስከተለላቸው። አሁን ትከሻቸው ሳይጠይቃቸው ተነሣ። «ውይ! ይሄስ ሰው አለበት!»

«ሁለቱም ያው የሠፈር ሴቶች ጭብጨባ ነው» አለ ኬብሮን። «ፊተኛውን ኮምፒውተሩ እኩል እኩል አድርጎ እንዲደረድረው ተውኩት። ችክችካ እንደዚያ ሲደረግ ይሞታል። ኋለኛውን ግን እጆቹ ባረፉበት ትቼ፣ የራሴን ድምፅ ፈጥሬ ከሥሩ ጨመርኩ። ያለቀ ምት ከኢንተርኔት አውርዶ ስም መለጠፍ ፈጠራ አይደለም። መጀመሪያ ያለውን በደንብ መስማት፣ ከዚያ ያልነበረውን ማምጣት ነው።»

እኛ ትልልቆች አንድ ሰው ሲበድለን ዘመኑን በሙሉ እንከሳለን። ልጆቹም ያለፈውን ሳይሰሙ አዲስ ሠራን ይላሉ። ይህ ልጅ ግን ሰምቷል፤ ደስ አለኝ።

እትዬ ማዳመጫውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩት። «እኔ ስዘፍን ብትቆርጠኝስ?»

«ማይክ ይሰጥዎታል። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ከከበሮዎ ሥር እገባለሁ። እርስዎ ሳይጨርሱ ሌላ አልለቅም።»

«ማልልኝ!»

«ልደታን!»

«እንግዲያው እመጣለሁ። ከቆረጥከኝ ግን ከበሮውን አናትህ ላይ ነው የማሳርፈው።»

እሑድ ከሰዓት ሜክሲኮ አካባቢ ካለው አዳራሽ ስገባ ኬብሮን ስፒከሮቹን ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ እያራቀ ነበር። እትዬ ከበሮአቸውን አንግተው ተነሡ፤ አወጡ፤ ሕዝቡ ተቀበለ። መሀል ላይ ልጃቸውን በካባ ሲያዩ ግን ዕንባ አነቃቸውና ዝም አሉ። በቃ፣ አሁን ሌላ ዘፈን ይለቃል ብዬ ፈራሁ።

ኬብሮን አልለቀቀም። ቀጭን ምት ብቻ ይዞ፣ ዓይኑን ከእሳቸው ሳይነቅል ጠበቀ። ሰዉ በጭብጨባ ያዘለት። እትዬ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ካቆሙበት ቀጠሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ!

ያን ቀን ምሳ በልተው የሚሄዱት ሽማግሌዎች አልሄዱም፤ ከስልክ ቀና የማይሉት ልጆችም የዘፈኑን ግጥም እየጠየቁ ተቀበሉ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማሽን ሲነካ ከመገሠጻችሁ በፊት የሠራውን ስሙለት። ወጣቶችም ማሽኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጆሯችሁን ክፈቱ። ያኔ የአባቶች ዜማ አይጠፋም፤ አዲሱም ሥር ይኖረዋል።

እትዬ በላብ ተጠምቀው ዘፈናቸውን ሲጨርሱ ኬብሮን ገና ይጠብቃል። በማይኩ ጠሩት።

«በል ልጄ፣ አሁን ያንተን አውጣ። እኔ እቀበልሃለሁ።»