ሁለት በሽተኛ በአንድ ማተሚያ

ከጀብራ ወደ ባሕሪ በሚሄደው ሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡት ወጣት ወንድና ወጣት ሴት የአንድ ክሊኒክ ኮምፒውተር ሠራተኞች ናቸው።

«ትናንት አንድ ሽማግሌ እርጉዝ ነዎት ተባሉ» አለችው።

«ወላሂ? ምን አሉ?»

«አልሐምዱሊላህ አሉ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ድራይቨሩ ነዋ፣ ማተሚያውን የሚያዘው ፕሮግራም! ሁለት ነርሶች እኩል ሲያዙት ማተሚያው የአንዱን ውጤት በሌላው ስም ያትመዋል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ ቁልፍ ማድረግ አለብን።»

«ስፒንሎክ የሚባለውን ቁልፍ አድርጊበታ።»

«እሱ ተራ የሚጠብቀውን ትእዛዝ ‹ደረሰኝ? ደረሰኝ?› እያስባለ እዚያው ያሽከረክረዋል። ማተሚያው ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይደርቃል።»

«እንግዲያው ሚውቴክስ። ተራው እስኪደርስ ያስተኛዋል።»

«ካልነቃስ? ዛሬ ካልተስተካከለ የክሊኒኩ ሙዲር ሁለታችንንም ያባርረናል።»

«ቁልፉን የያዘው መልቀቅ ካልረሳ ይነቃል።»

«ኻላስ፣ ሚውቴክስ ይሁን።»

«በምን እንሞክረዋለን?»

«ሁለት በሽተኛ እኩል ሲመጣልን ነዋ፣ ኢንሻላህ።»

ረዳቱ «ክሊኒኩ ጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱ ተነሥተው ወረዱ፤ እዚያው ክሊኒክ ደም ልመረመር የመጣሁት እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።