ሰኞ ለልብ፣ ማክሰኞ ለኩላሊት

ፈጣሪ ሰውን ከሰው ሊያገናኝ ሲፈቅድ ቀጠሮ አያስይዝም። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሜትር» የሚላቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከመድኃኒት ቤት ሲመለሱ ደክሟቸው የሚኖሩበት ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጭናቸው ላይ መድኃኒት የታጨቀበት ፌስታል አለ። ጎረቤታቸው ነርሷ ከላይ ስትወርድ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ምነው እዚህ?»

«ዛሬ ምን ቀን ነው ልጄ?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲያስ የኩላሊቷ ቀን ነው» አሉና ከኮዳቸው ውሃ ተጎነጩ።

ነርሷ ግር አላት። እሳቸው ግን ግራ ከተጋቡ ሰንብተዋል። የልብ ሐኪሙ «ውሃ ይቀንሱ» ብሏቸዋል፤ የኩላሊት ሐኪሟ «ይጨምሩ»። የእግር ባለሙያው «ይራመዱ» ሲል፣ ቁስል የምታጥብላቸው «እግርዎን ያሳርፉ» ትላለች።

«ሁለት እግር አለኝ ብዬ ሁለት ዛፍ ልውጣ? ተራ አወጣሁላቸው። ሰኞና ሮብ ለልቡ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለኩላሊቷ እታዘዛለሁ። ማንንም አላስቀይም።»

«እሑድስ?»

«እሑድማ የፈጣሪ ነው። ማንም አያዘኝም።»

ነርሷ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በጤና ጣቢያችን ባለሙያዎቹ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ለአንድ ሰው አንድ ደብተር። የእርስዎንም እንክፈት?»

ፊታቸው ጠቆረ። «አይሆንም።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ወር ወድቀው ነበር፤ ቁስሉም የመጣው ከዚያ ነው። ራሳቸውን እንደሚያዞራቸው ለእግር ባለሙያው ብቻ ነገሩት፤ ቁስሉን ደግሞ ለምታጥብላቸው ብቻ አሳዩ። መውደቃቸውን ለማንም አልተናገሩም። ሴት ልጃቸው «አንድ ቀን ወድቀህ ባገኝህ፣ ቤቱን ዘግተን እኔ ጋ ትገባለህ» ብላቸዋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ቆራርጦ ያከፋፈለም ያው ነው።

«ተለያይተው በውሃ እንኳ አልተስማሙም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ላይ ከተቀመጡ የሚስማሙት እኔን ከቤቴ በማስወጣት ነው። ወድቄያለሁኮ።»

አመለጣቸው። ነርሷ ግን አልተቆጣቻቸውም።

«ጋሼ፣ ደንበኛ እጅጌውን ብቻ አስለክቶ ሙሉ ኮት ይስፉልኝ ቢልዎትስ?»

«ሂድና ገላህን ይዘህ ና እለዋለሁ።»

«እርስዎስ ለየሐኪሙ እጅጌ እጅጌዎን ሲልኩ አይደል የከረሙት?»

ተሸንፈው ይሁን ደክሟቸው ለራሳቸውም አልለየላቸውም። ብቻ ፌስታሉን ደረጃው ላይ ዘረገፉት። «ይኸው፣ እይው እንግዲህ።»

ነርሷ ሁለት ካርቶኖች አነሳች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ደጋግማ አነበበች።

«እነዚህን ማን ሰጠዎት?»

«ሰማያዊውን የልቡ፣ ነጩን የኩላሊቷ። ጠዋት ጠዋት አብሬ ነው የምውጣቸው። ለክኒን ተራ አላወጣሁም።»

«ጋሼ፣ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ነው፤ የደም ግፊት ማውረጃ። እጥፍ ሲውጡ ነው የከረሙት። የጣለዎት እርጅና ላይሆን ይችላል። በራስዎ አያቁሙት፤ ይነሱ፣ አሁኑኑ ሐኪም ይይዎት።»

አርባ ዓመት ጨርቅ በጣታቸው ሲለዩ የኖሩትን ሰው፣ አንድ ጨርቅ በሁለት ቀለም ተነክሮ አታለላቸው። ካርቶኖቹን እያገላበጡ ተከተሏት።

በዚያው ሳምንት ባለሙያዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ከሁለቱ ክኒን አንዱ ቀረ፣ ማዞሩም ተወ። የውሃው ልክ አንድ ቁጥር ሆኖ ተጻፈ። ቁስሉ እስኪድን እቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ፣ ከዳነ በኋላ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ እንዲራመዱ ተስማሙ። መታጠቢያ ቤታቸው መደገፊያ ብረት ተገጠመለት። ልጃቸው መውደቃቸውን ሰምታ፣ ልትወስዳቸው ሻንጣ ይዛ መጥታ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበች፤ ሻንጣውን ሳትከፍተው ይዛው ተመለሰች። እርዳታ ሲሰባሰብ ሰውን ከቤቱ አያስወጣውም፤ በቤቱ ያኖረዋል እንጂ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነርሷ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘቻቸው፤ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ የማን ቀን ነው?»

ግራ ገባቸው፤ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«እንጃ ልጄ፤ መቁጠር ትቻለሁ» አሉና ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው የገዛ ቤታቸውን ከፈቱ።