ጊደሯ ትሸጥ ወይስ ትመለስ

በኅዳር መጨረሻ እህቴ ሴት ልጅ ተገላግላ ልጠይቃት ሮብ ገበያ ሄጄ ነበር። የመመለሻዬ ቀን ረቡዕ ስለዋለ ገበያው ሞልቶ፣ መኪናው ጎድሎ ጠበቀኝ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው አንድ ሚኒባስ ብቻ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል፤ ውስጥ የተቀመጥነው ግን አራት ነን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የሻጮቹን ሸራ እያርገበገበ፣ ጭዱን እያነሳ ዓይን ያስጨፍናል። ሰውም ከብቱም አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። እኔም መቀመጥ ሰልችቶኝ ወረድኩና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠግቼ ቆምኩ።

በረንዳው ሥር ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ አንዲት ቀይ ጊደርና የጊደሯን አንገት የምታሻሽ ወጣት ቀድመውኛል። ልጅቱ አንዴ ፀሐይዋን፣ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ሽማግሌውን ታያለች። ሽማግሌው ግን የጊደሯን ገመድ በመዳፋቸው ጠምጥመው ማንንም አያዩም።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው እየተጣደፈ መጣ። ኋላ እንደሰማሁት አብዱረዛቅ የሚባል የደብረ ማርቆስ የከብት ነጋዴ ነው።

«አያ ወልዴ፣ አይሱዙዬ ተጭኖ አልቋል። የቀረችው የእርስዎ ጊደር ናት። በዋጋው ተስማምተናል፤ ገመዱን ይስጡኝና ልሂድ።»

«በዋጋው ተስማምተናል። በምክንያቱ ነው ያልተስማማነው» አሉ ሽማግሌው።

ከንግግራቸው እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው፣ አቶ ወልደ ሚካኤል፣ የልጅቱ አጎት፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልጅቱ የኔአለም ትባላለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጣችም። አሁን ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ የግል የሚዲያ ማሠልጠኛ ገብታ ሙያ መማር ትፈልጋለች፤ ምዝገባው ደግሞ ነገ ይዘጋል። አባቷ አውድማ ላይ ስለሆነ ጊደሯን ሸጠው እንዲከፍሉላት ወንድሙን ልኳል። ነገር ግን የጊደሯ እናት የአቶ ወልደ ሚካኤል ላም ናት፤ የልጅቱ አባት አርብቶ የሚወለደውን እኩል ሊካፈሉ ነበር የወሰዳት። ስለዚህ አንዱ ወንድም ካልፈቀደ ጊደሯ አትሸጥም።

«ጋሼ፣ አባዬ እሺ ብሏል እኮ» አለች የኔአለም።

«አባትሽ እሺ ያለው በግማሿ ነው። እንካ አብዱረዛቅ፣ የወንድሜን ግማሽ ቆርጠህ ውሰድ። ከፈለግህ ከኋላ በኩል።»

«ወላሂ የኋላው ሥጋ ይሻለኝ ነበር፤ ግን መኪናው ላይ በእግሯ እንድትወጣልኝ ነው የምፈልገው» አለ ነጋዴው።

ሽማግሌው አልሳቁም። «እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ እዚያ ቤት ገንዘብ ከፍለሽ ምን ልትማሪ ነው?»

«ካሜራ መያዝ፣ ድምፅ መቅዳት፣ ዜና መጻፍ። ከዚያ የተቀረጸውን ማቀናበር።»

«ማቀናበር ምንድን ነው?»

«የማያስፈልገውን ቆርጦ…» ብላ ጀመረችና ከንፈሯን ነከሰች።

«መቁረጥ!» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። «ይኸው ራሷ ተናገረች! ዘመነ በነፃ የቆረጠኝ አንሶ፣ እኔው ጊደር ሸጬ ሌላ ቆራጭ ላሠለጥን ነው!»

ስለ ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ፊቴን አይተው ነው መሰል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የከተማ ልጅ ትመስያለሽ፤ እስቲ ፍረጂ። አምና በበጋ የላይኛውና የታችኛው ጎጥ ሰዎች በመስኖ ውሃ ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። ሽማግሌ ሆነን ተቀመጥን። እኔም ‹ውሃው የላይኞቹ ነው፤ ይኸውም ድንቻቸው እስኪጠጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሳያሳድሩ ለታችኞቹ ይልቀቁ› አልኩ። ሁለቱም ወገን አሜን አለ። ዘመነ የሚባል የጎረቤት ልጅ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ለካ ቲክቶክ የሚሉት ነገር አጭር ወሬ ይወዳል! ‹ውሃው የላይኞቹ ነው› የሚለው ላይ ቆርጦ ለቀቀው።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ጉቦ በላ ተባልኩ። ደብረ ማርቆስ ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው የታችኛው ጎጥ ልጅ ሁሉ ለአባቱ እየደወለ ‹ዝም ትላላችሁ ወይ?› ይላል። ከቅዳሴ ስወጣ ትከሻዬን ይስሙኝ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አጥሩን እያዩ ያልፉኛል። ከገና በኋላ ውሃው መፈለጉ አይቀርም። ያን ጊዜ ቃሌን ማን ይሰማል?»

ለአንድ አስታራቂ ሽማግሌ መልካም ስሙ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ቁጣቸው ትምህርትን ከመጥላት የመጣ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

«ዘመነ አልተማረም፤ ለዚህ ነው» አለች የኔአለም።

«ሳይማር ይህን ያደረገ፣ ተምሮ ቢሆንማ አገሩን ያጫርስ ነበር! ደግሞስ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል። ደላላው ይቀርጻል። ቄሱ እንኳ በጥምቀት ይቀርጻሉ። ሰው ሁሉ በነፃ የሚያደርገውን አንቺ በገንዘብ ትማሪያለሽ?»

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ልጃቸውን እንዲህ ካለ ማሠልጠኛ ለመላክ የሚያመነቱ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ነው፤ የሞኝ ጥያቄም አይደለም። የኔአለም ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። እሷም ወዲያ ወዲህ መንቆራጠጧን ተወችና አጎቷን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ሲጣል ቢላዋ የሌለው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እርስዎ እስኪመጡ ለምን ይጠብቃሉ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መገጣጠሚያውን ስለማውቅ ነዋ። የማያውቅ ሰው አጥንት ላይ ይደበድባል፣ ሥጋ ያበላሻል። መደቡም እኩል አይወጣም።»

«ከማን ተማሩ?»

«ከአባቴ። ያውም በነፃ!» አሉ፣ የረቷት መስሏቸው።

«ሲማሩ ያበላሹት ሥጋ የማን ነበር?»

አብዱረዛቅን ሳቅ አመለጠው። «የጎረቤት ነዋ! አያ ወልዴ፣ የእርስዎን ትምህርት የከፈለው ጎረቤት ነው!»

«አንተ ደግሞ መኪናህ አይሄድም እንዴ?»

«ዘመነም እየተማረ ነው፣ ጋሼ» አለች የኔአለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሲማር ያበላሸው ግን የእርስዎን ስም ነው። እኔ በሰው ስም ከምማር በጊደር ልማር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጊደሯ መለሱ። ረዳቱ አሁንም «አንድ ሰው!» ይላል።

«አፍሽስ የተማረ ነው» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «አሁን እጅሽን አሳዪኝ። ስልክ ይዘሻል። ቃሌን ሙሉውን ቅጂልኝና ልቀቂው። ከቻልሽ ማሠልጠኛ ምን ያደርግልሻል? ካልቻልሽ ደግሞ ምኑን አምኜ ጊደሬን እሰጥሻለሁ?»

ይህ ከሁለቱም በኩል የሚያጠብቅ ወጥመድ ነበር። የኔአለም ግን ወጥመዱን አላየችውም፤ ደስ ብሏት ስልኳን አወጣች። ጮቄ ከኋላቸው እንዲታይ ብላ ከበረንዳው አውጥታ ሜዳው ላይ አቆመቻቸው። አቶ ወልደ ሚካኤልም ጋቢውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ቀጥ ብለው የውሃውን ፍርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ሥዕሉ አምሮ ነበር። ተራራው፣ ሽበታቸው፣ ቀይዋ ጊደር ሁሉም አለ። ድምፁን ስትከፍተው ግን ነፋስ ብቻ ሆነ። ሁሁሁ እያለ ሄዶ ሄዶ መሃል ላይ «ድንች» የሚል አንድ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ከዚያ እንደገና ነፋስ።

«በቃ፣ ፍርዱ ድንች ነው!» አለ አብዱረዛቅ።

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ» አሉ ሽማግሌው። «ዘመነ እንኳ ግማሹን ቀድቶልኝ ነበር።»

የኔአለም አንገቷን ደፋች። ስልኳን ደግማ ከፈተች፣ ደግማ ነፋሱን ሰማች፣ ዘጋችው።

«አላውቅም» አለች። «ነፋሱ እንዳይገባ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። በየት በኩል መቆም እንደነበረብኝም አላውቅም። ቤት ውስጥ ስሞክር እሺ ይለኛል፤ እዚህ እንቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። የምከፍለው ለዚህ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ገመዱን ከመዳፋቸው ፈቱ፣ መልሰው ጠመጠሙ። «ዘመነን ‹ምነው ልጄ፣ ቃሌን ለምን ቆረጥከው?› ብዬ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አባባ፣ እርስዎ ስለዚህ ነገር አያውቁም› አለኝ። እሱ ያላወቀው ነገር እንዳለ አልታየውም።» ገመዱን እንደገና ፈቱ።

አብዱረዛቅ ቀልዱን ተወ። «አያ ወልዴ፣ ጊደሯን ብፈልጋትም የማውቀውን ልንገርዎት። የእህቴ ልጅ ፈሐድ በሌላ ከተማ ኮምፒውተር እንዲማር ከፈልን። አንዱን ኮምፒውተር ከብበው ሲያዩት ከረሙ። መጨረሻ ላይ ጋወን አልብሰው፣ ፎቶ አንስተው ሸኙት። ዛሬ ሱቄን ይጠርጋል፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

ገመዱ እንደገና ሲጠመጠም አየሁ። በማላውቃቸው ሰዎች መካከል መናገር አይሆንልኝም። ዝም ብል ግን እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ራሴን ስወቅስ እንደምሄድ አወቅኩ።

«ከመክፈል በፊት ማየት ይቻላል» አልኩ።

«ነፋሱ ወሰደብሽ ልጄ፣ ጮክ በይ!»

«ከመክፈላችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጥቶ ጊደሯን አስበረገጋት። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። «ቢሮውን ትታችሁ መማሪያ ክፍሉን እዩ። ካሜራውን የያዙት ተማሪዎቹ ናቸው ወይስ አስተማሪው ይዞ እነሱ ያያሉ? ፈቃድ እንዳለው፣ ሲጨርሱም ለብቃት ምዘና እንደሚቀርቡ ጠይቁ። አምና የጨረሰ አንድ ልጅ ፈልጋችሁ ምን እየሠራ እንደሆነ ከራሱ አፍ ስሙ። ክፍያውንም በየወሩ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ሁሉን ባንዴ ካላመጣችሁ ካሉ ለምን እንደቸኮሉ አስቡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስማር ብዙውን ነገር ያየሁት ወረቀት ላይ ነው፤ ብዙውም ጠፍቶብኛል። በእጄ የነካሁት ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።»

«ይህን የመሰለ ድምፅ ይዘሽ እስካሁን የት ደብቀሽው ነበር?» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞሩ። «እንካ አብዱረዛቅ፣ ገመዱን ያዝ። ብሩ ግን እኔ ዘንድ ይቆያል። አንቺም ስሚ፤ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት እናድርና ነገ ማለዳ ቤቱን እኔው አያለሁ። በሬ ስገዛ ጥርሱን ሳላይ አልከፍልም። ልጆቹ ዕቃውን በእጃቸው ካልያዙ ብሩን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሌላ ጊደር እገዛበታለሁ። ተስማማን?»

«ተስማማን፣ ጋሼ» አለችና ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች።

«ተይ ተይ፣ መኪናው እንዳይሄድብን!»

ረዳቱ «አንድ ሰው!» ሲል ሦስት ሆነን ገባን። መኪናው ግን ያኔም አልሞላም ነበር።

በየካቲት የእህቴ ልጅ ክርስትና ስትነሳ ወደ ሮብ ገበያ ተመለስኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የሁለቱ ጎጥ ሰዎች ስለ ውሃው ተሰብስበው ነበር። የኔአለምን እዚያ አገኘኋት። ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። ማሠልጠኛው እንከን እንደማያጣው ነገረችኝ፤ ካሜራው ለተማሪዎቹ አይበቃም፣ ተራ ይጠበቃል። ተራዋ ሲደርስ ግን በእጇ ነው የምትይዘው፤ ያበላሸችውን አስተማሪዋ አስቁሞ ለምን እንደተበላሸ ያሳያታል። ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክርስትና እየቀረጸች የወር ክፍያዋን ለመሸፈን ትሞክራለች፤ ሲጎድል አባቷ ይሞላል።

አጎቷን ጀርባቸው ወደ ነፋሱ እንዲሆን አድርጋ ከቅጥሩ ግንብ ሥር አስቀምጣቸዋለች። ከማሠልጠኛው የተዋሰችው ማይክሮፎን የበግ ጠጉር ለብሷል።

«ከመኝታ አጎዛዬ ላይ ሸልታ ነው» አሉኝ አቶ ወልደ ሚካኤል። «ቃሌ ሞቆታል፤ እኔ ግን ጎኔን እየበረደኝ አድራለሁ።»

ፍርዱን ደገሙት። የኔአለምም ማንም ከመነሳቱ በፊት የቀዳችውን ሁሉ ከስልኳ ለሕዝቡ አሰማች። «ሳያሳድሩ ለታችኞቹ ይልቀቁ» የሚለው ሲሰማ አቶ እንዳላማው የሚባሉ የታችኛው ጎጥ ሽማግሌ ተነሡ። መጥተውም የአቶ ወልደ ሚካኤልን ትከሻ ሳሙ።

በእኛ አገር ብዙ ነገር በቃል ይዳኛል፣ በቃል ይታረቃል። ዱሮ ቃሉን የሚሰሙት እዚያው የተቀመጡት ነበሩ፤ የተሳሳተ ሰው ቢኖር ሌላው ያርመዋል። ዛሬ ቃሉ በስልክ ከጎጥ ወጥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ በመንገዱ የሚያርመው ሰው የለም። ስለዚህ ቃልን ሳያፈስ የሚያደርስ ባለሙያ እንደ አናጢውና እንደ አዋላጇ ያስፈልገናል። እጅን ለሚያሠራ፣ የተሳሳተውን ለሚያርም ቤት የተከፈለ ገንዘብ ባክኗል አይባልም። ለልጅቱ እንጀራ ይሆናታል፤ ለጎጡ ደግሞ ሰላም።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ ጎረምሳ የኔአለም ትከሻ ላይ አጎንብሶ ስልኳን አየ።

«እንዴ፣ ስምንት ደቂቃ! ይህን ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? ማሳጠር አለብን።»

ዘመነ ነው። የኔአለምም ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች አጎቷን አየች። አቶ ወልደ ሚካኤል ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉና ጥቂት አሰቡ።

«ይቆረጥ» አሉ። «ቢላዋውን ግን ለእሷ ተውላት። አንተም አጠገቧ ቁጭ በልና መገጣጠሚያው የት እንደሆነ እይ።»