መቋሚያው ያልተሰማበት ጠዋት

ልጄን የቀበርኩ ሰሞን ጸሎት እምቢ አለኝ። በተማሪነቴ የለመድኩት ቅኔ ግን መጣልኝ፤ እግዚአብሔርን «ጠራሁህ፣ የለህም» የሚል ቅኔ። ይዤው ደብረ ወርቅ፣ ያስተማሩኝ የኔታ ጎጆ ሄድኩ። የኔታ ቅኔ ሲነገራቸው ስሕተት ከሰሙ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው ያስቆማሉ፤ ካልሆነ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ይሰማሉ። ውጭው ጭጋግ፣ ጎጆው ጨለማ ነበር። መደቡ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። የኔታ መስለውኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ቅኔዬን ነገርኩ። መቋሚያው አልተሰማም። እጅ ነስቼ ወጣሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም።

ቁልቁለቱ ላይ የኔታን አገኘኋቸው፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይወጣሉ።

«የኔታ፣ አሁን ቤትዎ ቅኔ ነግሬዎት ወጣሁ እኮ» አልኩ።

«እኔ ከለቅሶ ቤት መምጣቴ ነው። ቤቴም ሰው የለም።»

እንደ ምንም ቅኔውን ደገምኩላቸው። «አስቆመህ?» አሉኝ።

«አላስቆመኝም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።»

የኔታ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያ እኔ እዚህ ልቆይ። አንተ ተመለስ።»

ተመለስኩ። መደቡ ባዶ ነበር። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ።