ስም አይጻፍበትም የተባለው ወረቀት

ክቡራትና ክቡራን፣ የመስኮት ፋብሪካችን ባልደረቦች፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ይህን የስንብት ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ሎርና» ተብሎ በትክክል ተጽፏል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ምን ፈልጋችሁ ነው?

ዛሬ የማወራው ስለዚያ የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ነው። አትሳቁ!

የዛሬ ስድስት ዓመት የክፍል አለቃችን ዱዌይን ቅጹን እያደለ «ስም አይጻፍበትም፤ የልባችሁን ተናገሩ» አለን። እኔ መቼም ጠርጣራ ነኝ። ሰውየው የልቤን ማወቅ ዛሬ ለምን አስፈለገው? ሁሉንም «በጣም ረክቻለሁ» ላይ ምልክት አድርጌ መለስኩ።

አጠገቤ ፍሬም የምትቀባው ማርቫ ሊንድክቪስት ግን አመነች። «የቀለም ክፍሉ አየር ማስወጫ ከቆመ ሦስት ወሩ ነው፤ ራሳችንን እያዞረን ነው» ብላ ጻፈች።

በሳምንቱ ዱዌይን መጥቶ ፊቷ ቆመ። «ማርቫ፣ ራስሽን እንዴት አደረገሽ?» አላት።

ስም ካልተጻፈበት እንዴት አወቀ? ይህን ሳስብ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ሎርና፣ ቀለሙ ይሸትሻል?»

«ኧረ እኔን ምንም አልሸተተኝም» አልኩት።

ማርቫ ቀና ብላ አየችኝ። በወሩ ወደ መጋዘን አዛወሯት።

ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በጣም ረካን። ፋብሪካችን የደስተኛ ሠራተኞች ዋንጫ ተሸለመ! በዚያው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሰው ሥራ ለቀቀ። ከደስታ ብዛት ይሆን?

ያኔ ነው እዚህ የተቀመጡት የሰው ኃይል ኃላፊያችን፣ ሚስተር ቴልፎርድ፣ የተቀጠሩት። «ወይዘሮ ሎርና፣ በወረቀቱ ሁሉም ረክቷል። ታዲያ ሰዉ ለምን ይሄዳል?» አሉኝ። ይሄ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። በማግስቱም መጡ።

«ብነግርዎ ለማን ነው የሚያደርሱት?» አልኳቸው።

«እሱን እርስዎ ይወስኑ» አሉኝ።

የዚያን ዓመት ቅጽ ሳላስረክብ ደብቄው ነበር፤ እሱን አወጣሁ። ከታች ጠርዙ ላይ ደቃቅ ቁጥር ታትሞበታል፤ የሥራ ካርዴ ቁጥር! ፊታቸው ቀላ። «አላወቅኩም ነበር» አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ እስከ ዛሬ ያመንኩዎት ግማሹን ነው።

ግን ቀጣዩን መጠይቅ ቁጥር በሌለው ባዶ ወረቀት አደረጉት። የመልስ ሳጥኑን ከፍታ ሁላችን ፊት እንድታነብ ማርቫን ከመጋዘን ጠሩ። ለፋብሪካው የሰጠነው ነጥብ ከአምስት ሁለት ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዕቃው የለም» የተባለለት አየር ማስወጫ በአሥራ አንድ ቀን ተሠራ።

ማርቫ፣ ያን ቀን ይሸተኝ ነበር። ከሥራ ስመለስ ልብሴን በር ላይ ነበር የማወልቀው። ፈርቼ ነው ብቻሽን የተውኩሽ። ግድ የለም አትበይኝ፤ ልጨርስ።

እናንተ ደግሞ፣ ስትጠየቁ አስቀድማችሁ ጠያቂውን እዩ። አጠገባችሁ ያለው ሰው እውነት ሲናገር ግን «እኔንም» በሉ። ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። ሳንባችሁ ንጹሕ ይሁን፤ ልጆቻችሁ «የት ቀራችሁ?» ሳይሏችሁ ቤት የምትደርሱ ያድርጋችሁ። ጠይቆ መልሱን የሚሰማ አለቃ ይዘዝላችሁ።

ማርቫ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው። የፈለግሽውን በዪኝ፤ ቆሜ እሰማለሁ።